ከጉርጉሱም እስከ አሥመራ፦ የመንገድና የድንጋይ ታሪክ

የባሕር ዳርቻ ዕረፍት ከሥራና ከሐሳብ የመለያ ጊዜ እንደ መሆኑ መጠን ታሪክ ለመመርመር የሚመደብ አይደለም። ይሁን እንጂ ከምፅዋ በስተሰሜን 12 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ወደሚገኘው ወደ ጉርጉሱም የወረደ ሰው፣ በአሸዋው ላይ ጋደም ከማለቱ በፊት የመጣበትን መንገድ መለስ ብሎ ቢመለከት፣ ዕረፍቱ በታላቅ የምሕንድስና ሥራ የተገኘ መሆኑን ይረዳል። አሥመራ ከባሕር ወለል በላይ 2,325 ሜትር ከፍታ ላይ ስትገኝ፣ ምፅዋ ከባሕሩ ጋር እኩል ናት፤ በመካከላቸው ያለው መንገድ ግን 115 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነው። በማለዳ ከደጋው ብርድ የተነሣ መንገደኛ በጥቂት ሰዓት ከቆላው ሙቀት ይደርሳል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህ ቅለት በማን ጉልበትና ለምን ዓላማ እንደ ተገኘ ማሳየት ነው። ዘመኖቹ ሁሉ እንደ ኤውሮፓውያን አቆጣጠር ተጽፈዋል።

ምፅዋን ኦቶማኖች በ1557 ያዙ። በ1860ዎቹ አስተዳደሩ ወደ ግብፃውያን ተላለፈ፤ ሁለቱን ደሴቶች ማለትም ምፅዋንና ጧለትን ከየብስ ጋር የሚያገናኙት የድንጋይ ድልድሎችም በ1870ዎቹ በእነርሱ ዘመን ተሠሩ። ኢጣሊያ ወደቡን የያዘችው በ1885 ነው። በጃንዋሪ 1887 በዶጋሊ የራስ አሉላ ጦር ወደ ሰሃጢ ይጓዝ የነበረውን 500 ያህል የኢጣሊያ ወታደር ከደመሰሰ በኋላ፣ በዚያው ዓመት ከምፅዋ ወደ ሰሃጢ የባቡር ሐዲድ መዘርጋት ተጀመረ። እንግዲህ ሐዲዱ በመጀመሪያ የታሰበው ለነጋዴ ወይም ለዕረፍት ተጓዥ ሳይሆን ለጦር ሠራዊት ነበር።

የመጀመሪያው 27 ኪሎ ሜትር በ1888 ሲጠናቀቅ፣ መሥመሩ አሥመራ የገባው በ1911 ነው። ጠቅላላ ርዝመቱ 118 ኪሎ ሜትር ያህል፣ የሐዲዱ ስፋት 950 ሚሊ ሜትር ሆነ። ጠባቡ ሐዲድ የተመረጠበት ምክንያት ለሙያ ባልደረቦቻችን ግልጽ ነው፦ ባቡሩ በጠባብ ኩርባ እንዲዞር ያስችላል፤ የሚቆረጠውንም ተራራ ይቀንሳል። ቀጥሎም ኢትዮጵያ በተወረረችበት ዘመን በወደቡ የተከማቸውን ጭነት ለማንሣት ቴሌፌሪካ የተባለው 72 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት ያለው የአየር ገመድ ተተክሎ በ1937 ተጠናቀቀ። ሥራው የሚደነቅ ነው፤ የተሠራበት ዓላማ ግን የወገኖቻችንን ደም ያፈሰሰ ነበር። ሁለቱንም በአንድነት መናገር ይገባል።

አሥመራም ይህንኑ ታስተምራለች። በ1938 ጁዜፔ ፔታሲ የነደፈው የፊያት ታልዬሮ ማደያ፣ ያለ ምሰሶ በግራና በቀኝ የተዘረጉት የኮንክሪት ክንፎቹ እስከ ዛሬ ያስደንቃሉ። ከተማይቱ በ2017 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ተመዝግባለች። ነገር ግን በዚያው በ1930ዎቹ የወጣው የከተማ ፕላን የኢጣሊያውያንንና የኤርትራውያንን መኖሪያ በዘር የለየ ነበር። ድንጋዩን የጠረቡትና ኮንክሪቱን የተሸከሙት የአገሬው ሠራተኞች ከሚያንጹት ከተማ ተለይተው እንዲኖሩ ተደረገ። የነዳፊው ስም ሲመዘገብ የእነርሱ ስም ሳይመዘገብ ቀረ።

ወደ ምፅዋ ስንመለስ፣ የጥንቶቹ ቤቶች የተሠሩት ከባሕር በሚወጣ የኮራል ድንጋይና በኖራ ነው። ይህ ድንጋይ ቀዳዳ የበዛበት በመሆኑ ለመጥረብ ቀላል ነው፤ ሆኖም እርጥበትና ጨው በቀላሉ ይስባል። የኖራ ልስን ግድግዳውን ያስተነፍሰዋል። በሲሚንቶ ሲለሰን ግን እርጥበቱ በውስጡ ይታፈንና ጨው ሲረጋ ድንጋዩን ይፈረካክሰዋል። በብረት የተጠናከረውም ኮንክሪት የባሕሩ ጨው ሲደርሰው ብረቱ ዝጎ ያብጣል፤ ሽፋኑንም ይሰነጥቃል። ከተማይቱ በ1921 በመሬት መንቀጥቀጥ ብዙ ቤቶች ፈርሰውባታል። በፌብሩዋሪ 1990 የኤርትራ ሕዝባዊ ግንባር ከተማይቱን በያዘ ጊዜና ከዚያም በኋላ በኢትዮጵያ አየር ኃይል ድብደባ የደረሰባት ጥፋት ግን የሰው እጅ ሥራ ነው። በጧለት የሚገኘው የቀድሞ ቤተ መንግሥትም በዚያው ጦርነት ክፉኛ ተጎድቷል።

ሰባራ ግድግዳ ሁሉ ተጠግኖ እንደ አዲስ ይታይ ማለት አይደለም። ጥገና የሚሠራ መሐንዲስ ድንጋዩ የሚቀበለውን ኖራ እንዲመርጥ ሁሉ፣ ታሪኩም የሚቀበለውን እውነት መምረጥ አለበት። ሐዲዱ ለጦር እንደ ተዘረጋ፣ ከተማው በዘር እንደ ተከፈለ፣ ደሴቲቱም በእኛው ዘመን እንደ ተደበደበች ካልተጻፈ፣ የሚጠገነው መልክ ብቻ ይሆናል።

ስለዚህ ወደ ጉርጉሱም የሚወርድ ሰው ከዕረፍቱ ግማሽ ቀን ቀንሶ በድልድሉ ወደ ደሴቲቱ ቢሻገርና የኮራሉን ግድግዳ ቀረብ ብሎ ቢመለከት መልካም ነው። ባሕሩ እስኪመለስ ይጠብቀዋል፤ ጨው የበላው ድንጋይ ግን ብዙ አይጠብቅም።