ከአንዋር ጁምዓ እስከ 22 ዓመት እስር

መርካቶ ራጉኤል ሰፈር ላይ ቤተ ክርስቲያኑና ታላቁ አንዋር መስጊድ ጎረቤታሞች ናቸው። በ2004 ዓ.ም. ከጁምዓ ሶላት በኋላ ከአንዋር ግቢ «ድምፃችን ይሰማ» የሚል ጥሪ ይወጣ ነበር። ምእመናኑ የጠየቁት ግልጽ ነው፦ መጅሊሱን ራሳችን እንምረጥ፣ የአህባሽ አስተምህሮ በመንግሥት ግፊት አይጫንብን፣ የአወሊያ ጉዳይ መፍትሔ ያግኝ። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 11 መንግሥት በሃይማኖት ጉዳይ ጣልቃ አይገባም ይላልና።

መልሱ እስር ሆነ። የመፍትሔ አፈላላጊ ኮሚቴው አባላት በሐምሌ 2004 ታሰሩ። በፀረ ሽብር አዋጁ የተከሰሱ 18 ሰዎች በሐምሌ 2007 ከ7 እስከ 22 ዓመት ተፈረደባቸው። አቡበከር አሕመድና አሕመዲን ጀበል 22 ዓመት ከተበየነባቸው ውስጥ ነበሩ።

አምነስቲ ኢንተርናሽናል፣ ሂዩማን ራይትስ ዎችና የአሜሪካ ዓለም አቀፍ የሃይማኖት ነፃነት ኮሚሽን ድርጊቱን ተቃወሙ። ለዋሽንግተን ግን አዲስ አበባ በሶማሊያው የፀረ ሽብር ዘመቻ የማትተካ አጋር ነበረች። መግለጫው ምስክር ሆኖ ቀረ እንጂ ቁልፍ አልሆነም።

የእስር ቤቱን በር የከፈተው አገሪቱን ያናወጠው ሕዝባዊ ተቃውሞ ነው። አሕመዲን ጀበል የተፈታው በየካቲት 2010 ነው፤ መጅሊሱም በ2012 በአዋጅ ሕጋዊ ሰውነት አገኘ።

አንቀጽ 11 ለሁለቱም ጎረቤቶች የተጻፈ ነው። በአንዋር በኩል ሲጣስ ዝም የተባለ ሕግ፣ ለራጉኤልም ዋስትና አይሆንም።