ጀግና

ጀግና በጦር ሜዳ ሙያ የሠራ ደፋር ነው። በእኛ ባህል ፎካሪው ግዳዩን እየቆጠረ ማዕረጉን ራሱ ያውጃል። ሳይጠይቁት የሚጫንባቸውም አሉ።

የክሊንት ኢስትዉድ «ፍላግስ ኦፍ አወር ፋዘርስ» (2006 እ.ኤ.አ.) የእነዚህ ፊልም ነው። በ1945 በኢዎ ጂማ ደሴት ስድስት አሜሪካውያን ባንዲራ ሲተክሉ ጆ ሮዘንታል ፎቶ አነሣቸው። ሦስቱ ብዙም ሳይቆዩ እዚያው ወደቁ። መንግሥት የተረፉት ናቸው ያላቸውን ሦስት ወጣቶች ለጦርነት ቦንድ ሽያጭ ከከተማ ከተማ አዞራቸው። ከሦስቱ አንዱ አይራ ሄይስ «ጀግና» ሲሉት ይሸማቀቅ ነበር፤ በ32 ዓመቱ መጠጥ ጎድቶት ሞተ።

ፊልሙ ከውጊያው ይልቅ በቦንድ ሽያጩ ጉዞ ግብዣ ላይ ይበረታል፦ በባንዲራ ተካዮቹ ቅርጽ የተሠራ ጣፋጭ ይቀርባል፣ አስተናጋጁም ቀይ የእንጆሪ ስጎ ያፈስበታል።

የማሪን ጦር በ2016 እና በ2019 ባወጣው እርማት መሠረት ለቦንድ ሽያጭ ከዞሩት ከሦስቱ ሁለቱ ፎቶው ውስጥ አልነበሩም።