የስም መጥሪያና የጤና መዝገብ፦ ትምህርት ቤቶችና የአካባቢ ጤና ሠራተኞች በአፍላ ወጣቶች የተዋልዶ ጤና ላይ ያደረጉት ትብብር ታሪክ

መግቢያ

በገጠር ትምህርት ቤት ያስተማረ መምህር ሁሉ የጥርን ወር ያውቀዋል። የጥምቀት በዓል አልፎ ሠርግ በሚደራረብበት በዚያ ወቅት፣ ስም ሲጠራ «አቤት» የሚል ድምፅ የማይሰማባቸው መስመሮች በመዝገቡ ላይ ይበረክታሉ። ከቀሪዎቹ መካከል አንዳንዶቹ በሕመም ወይም በሥራ የቀሩ ናቸው፤ ጥቂቶቹ ግን ተመልሰው የማይመጡ ልጃገረዶች ናቸው። መምህሩ በስማቸው ትይዩ «አቋርጣለች» ብሎ ይጽፋል፤ ለትምህርት ቤቱ ጉዳዩ በዚያ ያበቃል። ከወራት በኋላ ያቺው ልጅ ነፍሰ ጡር ሆና በጤና ተቋሙ መዝገብ ላይ በሌላ ቁጥር ትመዘገባለች፤ ለጤና ተቋሙ ደግሞ ጉዳዩ ከዚያ ይጀምራል።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ እነዚህ ሁለት መዝገቦች በአገራችን መቼና እንዴት እንደተቀራረቡ፣ በምንስ ምክንያት ተራርቀው እንደቆዩ በታሪክ ቅደም ተከተል መመርመር ነው። አፍላ ወጣቶችን ስለሚመለከተው የተዋልዶ ጤና ሲነሣ ብዙውን ጊዜ የሚታሰበው በክፍል ውስጥ ስለሚሰጠው ትምህርት ይዘት ነው። የይዘቱ ጉዳይ ክብደት ያለው መሆኑ አይካድም። ሆኖም ካለፉት ሰባ ያህል ዓመታት ልምድ የምንማረው ከይዘቱ ባልተናነሰ ሁኔታ ወሳኙ ነገር መምህሩና የጤና ሠራተኛው እርስ በርስ መተዋወቃቸውና ስለ አንዲት ልጅ በወቅቱ መነጋገራቸው መሆኑን ነው።

፩. የትብብሩ መነሻ

በደምቢያ ሜዳ ተነሥቶ ብዙ ሕዝብ የፈጀው የወባ ወረርሽኝ ካለፈ በኋላ፣ በ1947 ዓ.ም. የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ተቋቋመ። ኮሌጁ ያሠለጥናቸው የነበሩት የጤና መኮንኖች፣ የማኅበረሰብ ነርሶችና ሳኒታሪያኖች በቡድን ሆነው በየጤና ጣቢያው እንዲመደቡ ታስቦ ነበር። የጤና ጣቢያው ተግባር በሽተኛን ጠብቆ ማከም ብቻ ሳይሆን ወደ ሕዝቡ ሄዶ በሽታን መከላከል ነበርና፣ ትምህርት ቤት ከሥራው መስኮች አንዱ ሆነ። ሳኒታሪያኑ ስለ ንጹሕ ውኃና ስለ መጸዳጃ ቤት ያስተምራል፤ ነርሷም የተማሪዎችን ዓይንና ቆዳ ትመረምራለች፣ ክትባት ትሰጣለች።

በዚያ ዘመን ስለ ጉርምስና፣ ስለ ወር አበባም ሆነ ስለ እርግዝና በትምህርት ቤት በግልጽ መናገር የተለመደ አልነበረም። ሕጉም ለዚህ አመቺ አልነበረም። በ1949 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ የእርግዝና መከላከያን በማስታወቂያ ማስተዋወቅን ይከለክል ነበር፤ ጠላፊው የጠለፋትን በሕግ ካገባም ክሱ የሚቀርበት መንገድ ነበር። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ደግሞ የጋብቻን ዕድሜ ለወንድ 18፣ ለሴት 15 ዓመት አድርጎ ወሰነ። ስለዚህ የአሥራ አምስት ዓመት ተማሪ ብትዳር መምህሩ ሊቃወም የሚችልበት ሕጋዊ መሠረት አልነበረውም።

በ1958 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ቤተሰብ መምሪያ ማኅበር ተቋቁሞ የቤተሰብ ምጣኔ አገልግሎት ቢጀመርም፣ አገልግሎቱ በዋናነት ለባለትዳሮች የታሰበ ነበር። የጉዳቱን ጥልቀት ይበልጥ ግልጽ ያደረገው ሕክምናው ነው። ዶክተር ሬጂናልድና ዶክተር ካትሪን ሃምሊን እ.ኤ.አ. በ1959 ወደ ኢትዮጵያ መጥተው፣ እ.ኤ.አ. በ1974 የአዲስ አበባ ፌስቱላ ሆስፒታልን አቋቋሙ። ወደዚያ ይመጡ ከነበሩት መካከል ብዙዎቹ ሰውነታቸው ሳይጠና ተድረው፣ ሐኪም በሌለበት ለቀናት አምጠው የተጎዱ ወጣት ሴቶች ነበሩ። ሆስፒታሉ የሚጠግነው ጉዳት አስቀድሞ ሊታይ የሚችልበት ቦታ ግን ልጅቷ ትቀመጥበት የነበረው የክፍል ወንበር ነበር።

፪. የኤድስ ወረርሽኝና የትምህርት ቤት ክበባት

በአገራችን የኤች.አይ.ቪ. መኖር የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1984 ከተወሰደ የደም ናሙና ሲሆን፣ የመጀመሪያዎቹ የኤድስ ሕሙማን የተመዘገቡት እ.ኤ.አ. በ1986 ነው። ወረርሽኙ ቀድሞ ሊነገር የማይደፈረውን ጉዳይ ወደ አደባባይ አወጣው። በሚያዝያ 1985 ዓ.ም. የሥነ ሕዝብ ፖሊሲ፣ በ1986 ዓ.ም. አዲሱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ፣ በነሐሴ 1990 ዓ.ም. ደግሞ የኤች.አይ.ቪ./ኤድስ ፖሊሲ ወጡ። የሥነ ሕዝብና የቤተሰብ ኑሮ ትምህርትም ራሱን የቻለ የትምህርት ዓይነት ሳይሆን በሥነ ሕይወት፣ በኅብረተሰብ ሳይንስና በሥነ ዜጋ ትምህርቶች ውስጥ ተሰበጣጥሮ እንዲሰጥ ተሞከረ።

የዚህ ዘመን ልዩ ፍሬ ግን በየትምህርት ቤቱ የተስፋፋው የፀረ ኤድስ ክበብ ነው። ክበባቱ በሰንደቅ ዓላማ ሥነ ሥርዓት ላይ በድምፅ ማጉያ መልእክት ያስተላልፉ፣ ግጥምና ድራማ ያቀርቡ፣ ከጤና ጣቢያ ባለሙያ ጋብዘው ያወያዩ ነበር። ተማሪው ስሙን ሳይገልጽ የሚጽፍበት የጥያቄ ሣጥንም መምህሩ ሊመልሰው የማይደፍረውን ጥያቄ የጤና ባለሙያው እንዲመልሰው መንገድ ከፈተ። በዚህ ረገድ ክበባቱ መምህርንና የጤና ሠራተኛን በአንድ መድረክ ያቆሙ የመጀመሪያዎቹ ሰፊ ማኅበራት ናቸው ማለት ይቻላል።

ይሁን እንጂ ክበባቱ ሁለት ድክመቶች ነበሩባቸው። አንደኛ፣ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት መልእክቶቻቸው ከእውቀት ይልቅ ፍርሃትን ያስቀድሙ ነበር፤ ፍርሃትም በሽተኛውን ለማግለል እንጂ አገልግሎት ለመጠየቅ አያደፋፍርም። ሁለተኛና ዋነኛው፣ ክበቡ የሚደርሰው ትምህርት ቤት ውስጥ ላለና ላላገባ ተማሪ ብቻ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2005 የተካሄደው የሥነ ሕዝብና የጤና ጥናት እንዳመለከተው፣ ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 49 ዓመት ከሆኑት መካከል ቫይረሱ የተገኘባቸው በከተማ 5.5 ከመቶ፣ በገጠር 0.7 ከመቶ ነበሩ። እንግዲህ የገጠሯን ልጅ ከሁሉ አስቀድሞ ያሰጋት የነበረው ያለ ዕድሜ ጋብቻና እሱን ተከትሎ የሚመጣው ወሊድ ነበር። እሷ ደግሞ ባገባች ማግስት ከክበቡም ከትምህርት ቤቱም ትወጣለች።

፫. የሕጉ መለወጥና የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች

ከ1992 እስከ 1997 ዓ.ም. ባሉት ዓመታት ሁኔታው በሁለት አቅጣጫ ተለወጠ። በአንድ በኩል በሰኔ 1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ የጋብቻን ዕድሜ ለሁለቱም ጾታ 18 ዓመት አደረገ። ከግንቦት 1 ቀን 1997 ዓ.ም. ጀምሮ የጸናው የወንጀል ሕግም ያለ ዕድሜ ጋብቻን በራሱ ወንጀል አድርጎ፣ ልጅቷ 13 ዓመት የሞላት ከሆነ እስከ ሦስት ዓመት፣ ከ13 ዓመት በታች ከሆነች እስከ ሰባት ዓመት በሚደርስ ጽኑ እስራት እንዲያስቀጣ ደነገገ። ጋብቻ ጠላፊን ከክስ ያድን የነበረው ድንጋጌም ቀረ።

በሌላ በኩል በ1995 ዓ.ም. የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ተጀመረ። በየገጠር ቀበሌው 5,000 ለሚያህል ሕዝብ አንድ ጤና ኬላና ሁለት ሴት ሠራተኞች እንዲመደቡ ሲደረግ፣ ከ16ቱ የአገልግሎት ፓኬጆች አንዱ የአፍላ ወጣቶች የተዋልዶ ጤና ሆነ። ለሥራው የተመረጡት አሥረኛ ክፍልን ያጠናቀቁና የአካባቢውን ቋንቋ የሚናገሩ ወጣት ሴቶች ሲሆኑ፣ የአንድ ዓመት ሥልጠናቸውን የወሰዱት በቴክኒክና ሙያ ማሠልጠኛ ተቋማት ነበር። በጥቂት ዓመታት ውስጥም ቁጥራቸው ከ30,000 በላይ ደረሰ።

የትምህርት ዕቅድ አውጪዎች ይህን ነጥብ ልብ ሊሉት ይገባል። በገጠር ከዚህ ቀደም ታይቶ በማያውቅ ስፋት የተሠማራው ይህ የጤና ኃይል የትምህርት ሥርዓቱ ፍሬ ነበር። አንዲት ልጅ አሥረኛ ክፍል እስክትደርስ በትምህርት ገበታ ላይ ባትቆይ ኖሮ ቀበሌው የጤና ሠራተኛ አያገኝም ነበር። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋም ለልጃገረዶች ስለ ወር አበባ ወይም ስለ እርግዝና ስትናገር፣ ከቃሏ ይልቅ በትምህርት የደረሰችበት ደረጃ ራሱ ያስተምር ነበር።

፬. የሞሰቦ ልምድ

የትብብሩን ኃይልም ወሰንም በግልጽ ካሳዩት ሙከራዎች መካከል፣ እ.ኤ.አ. ከ2004 እስከ 2006 በአማራ ክልል ሞሰቦ በተባለች የገጠር ቀበሌ የተካሄደው «ብርሃነ ሔዋን» የተሰኘው ፕሮግራም ይጠቀሳል። በዚያን ጊዜ በክልሉ ግማሽ ያህሉ ሴቶች የሚዳሩት 15 ዓመት ሳይሞላቸው ነበር። በፕሮግራሙ መሠረት ልጃገረዶች በጎልማሳ ሴቶች መሪነት በቡድን ተደራጁ፤ በትምህርት ላይ ላሉት ደብተርና የመሳሰለው ተሰጠ፤ ወላጆችና የሃይማኖት አባቶች የሚሳተፉበት የማኅበረሰብ ውይይት ተካሄደ። ልጁን ሳይድር ፕሮግራሙን ላስፈጸመ ቤተሰብም አንድ ፍየል ተበረከተለት።

ውጤቱ ከንጽጽር አካባቢ ጋር ሲመዘን፣ ዕድሜያቸው ከ10 እስከ 14 ዓመት የሆኑት ልጃገረዶች በትምህርት ገበታ ላይ የመገኘት ዕድላቸው በስሌት ሦስት እጥፍ ሲሆን፣ የማግባት ዕድላቸው ግን ወደ አንድ አሥረኛ ዝቅ ብሎ ተገኘ። ሆኖም ከ15 እስከ 19 ዓመት ባሉት ዘንድ የተገኘው የተገላቢጦሽ ነበር፤ የማግባት ዕድላቸው ከንጽጽሩ አካባቢ 2.4 እጥፍ ሆነ። ጋብቻው ዘገየ እንጂ እስከ ሕጋዊው ዕድሜ አልዘለቀም። ከዚህ የምንረዳው የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤትና የማኅበረሰብ ውይይት ልጅቷን እስከ 15 ዓመቷ ሊያቆዩአት እንደሚችሉ ነው። ከዚያ በኋላ በአቅራቢያዋ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ከሌለ፣ ወላጆቿ የሚያቆዩበት ምክንያት ይሳሳል።

፭. የዕድሜ ጥያቄና የክትባት ዘመቻ

ሕጉ ከወጣ በኋላ በብዙ ወረዳዎች መምህራን ሊዳሩ የታሰቡ ተማሪዎችን ለቀበሌ ወይም ለሴቶች ጉዳይ ጽሕፈት ቤት ማሳወቅ ጀመሩ። ወላጆች «ልጃችን 18 ዓመት ሞልቷታል» ሲሉ ልጅቷ ለዕድሜ ምርመራ ወደ ጤና ጣቢያ ትላካለች። የልደት ምዝገባ ባልነበረበት አገር የጤና ባለሙያው በግምት መወሰን ግድ ነበረበት፤ ግምቱም ሊሳሳት ይችላል። የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በአገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. መጨረሻ ነው። በመሆኑም ልጅቷ አንደኛ ክፍል ስትገባ ርእሰ መምህሩ የመዘገበው ዕድሜ፣ ከዓመታት በኋላ ከጉዳት ሊያድናት የሚችል ብቸኛ የጽሑፍ ማስረጃ ሆኖ የተገኘበት ጊዜ ብዙ ነው።

በ2011 ዓ.ም. የማሕፀን ጫፍ ካንሰርን የሚከላከለው ክትባት ለ14 ዓመት ልጃገረዶች መሰጠት ሲጀምር ትብብሩ ሌላ መልክ ያዘ። ክትባቱ በአብዛኛው በትምህርት ቤት የሚሰጥ ስለነበር የጤና ሠራተኛዋ የመምህሩን ስም መጥሪያ ይዛ ክትባት ሰጠች፤ በትምህርት ገበታ ላይ የሌሉትን ደግሞ በየቤቱ መፈለግ ነበረባት። ሁለቱ መዝገቦች በአንድ ጠረጴዛ ላይ ሲቀመጡ ማን እንደጎደለች ወዲያው ይታያል።

፮. ቁጥሮቹ ምን ያመለክታሉ?

እ.ኤ.አ. በ2000 በተደረገው የሥነ ሕዝብና የጤና ጥናት፣ ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 19 ዓመት ከሆኑት ልጃገረዶች 16 ከመቶው የወለዱ ወይም ነፍሰ ጡር የነበሩ ሲሆን፣ በ2016 ቁጥሩ 13 ከመቶ ነበር። ከ25 እስከ 49 ዓመት ዕድሜ ላይ ላሉ ሴቶች አማካዩ የመጀመሪያ ጋብቻ ዕድሜ በእነዚሁ ዓመታት ከ16.0 ወደ 17.1 ከፍ ብሏል። ለውጡ እውነተኛ ቢሆንም አዝጋሚ ነው። ልዩነቱም ሰፊ ነው፤ በ2016 ጥናት ልጅ መውለድ የጀመሩት አፍላ ወጣቶች በአዲስ አበባ 3 ከመቶ ሲሆኑ በሱማሌ ክልል 19፣ በአፋር 23 ከመቶ ነበሩ። ትምህርት ቤቱና ጤና ኬላው በሚራራቁበት፣ ሕዝቡም ከብቱን ተከትሎ በሚንቀሳቀስበት አካባቢ፣ ለደጋው ቀበሌ የተነደፈው አሠራር እንዳለ ሊሠራ እንደማይችል ቁጥሮቹ ያስገነዝባሉ።

በመጋቢት 2012 ዓ.ም. በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት ትምህርት ቤቶች ሲዘጉ፣ ቀጥሎም ከጥቅምት 2013 ዓ.ም. ጀምሮ በሰሜኑ የአገሪቱ ክፍል በተካሄደው ጦርነት ትምህርት ቤቶችና ጤና ኬላዎች ሲጎዱ፣ ስም የሚጠራበት ክፍልም የምትጠይቅ ጤና ሠራተኛም የታጣበት ጊዜ ሆነ። ለአሥርት ዓመታት የተገነባ ትብብር ያለ ሰላም ምን ያህል በቀላሉ እንደሚበጠስ ይህ ወቅት አሳይቷል።

ማጠቃለያ

ከላይ ከቀረበው ታሪክ ሦስት ፍሬ ነገሮችን ማውጣት ይቻላል። አንደኛ፣ ትምህርት ብቻውን፣ ሕክምናም ብቻውን በቂ አልሆነም፤ ውጤት የታየው ሁለቱ ከወላጆችና ከሃይማኖት አባቶች ጋር በተነጋገሩበት ሥፍራ ነው። ሁለተኛ፣ ያገባችውና ትምህርት ያቋረጠችው ልጅ ከሁሉም ይበልጥ አገልግሎት የሚያስፈልጋት ሆና ሳለ ከሁሉም ይበልጥ ተረስታ ቆይታለች። ሦስተኛ፣ በየደረጃው የሚወጡ ፖሊሲዎች ትብብርን ቢደነግጉም፣ ትብብሩ ሕይወት የሚያገኘው በአንድ ርእሰ መምህርና በአንዲት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ መካከል ነው።

ስለሆነም ዕቅድ አውጪዎች በየወሩ ሁለቱ አካላት የሚገናኙበትን የሥራ ሰዓት በዕቅድ ውስጥ ማስገባት፣ መምህሩም ያቋረጡትን ስም በዓመቱ መጨረሻ ሳይሆን በሳምንቱ ማሳወቅ ይኖርባቸዋል። ለዚህ አዲስ በጀት አያስፈልግም፤ መዝገቦቹ ቀድሞውንም አሉ። አንዲት ልጅ ስሟ ተጠርቶ ሳትመልስ የቀረችበት የመጀመሪያው ሰኞ፣ የጤና ሠራተኛዋ ወደ ቤቷ የምትሄድበት ማክሰኞ መሆን ይገባዋል። «አቋርጣለች» የሚለው ቃል ከተጻፈ በኋላ የሚደረገው ጥረት ሁሉ ዘግይቶ የሚደርስ ነውና።