የከንፈር ክብነት በግዕዝና በአማርኛ

ከሰባቱ የግዕዝ አናባቢዎች መካከል ከንፈርን አሞጥሙጠው የሚነገሩት ካዕብና ሳብዕ ብቻ ናቸው። ነገር ግን ይህ የከንፈር ክብነት በአናባቢው ላይ ተወስኖ የኖረ አይደለም፤ በአንድ ዘመን ከአናባቢ ወደ ተነባቢ ተሻግሯል፣ በሌላም ዘመን ወደ አናባቢው ተመልሷል። ለዚህ ጕዞ ምስክሮቹ ዲቃላ የተባሉት አራቱ ፊደላት ቈ፣ ኈ፣ ኰ እና ጐ ናቸው።

በጥንታዊው የሴም ቋንቋ ዐጭሩ «ኡ» እና ዐጭሩ «ኢ» ተለይተው ይነገሩ ነበር። ዐረብኛ ልዩነቱን እስከ ዛሬ ጠብቆታል፤ በግዕዝ ግን ሁለቱ ተቀላቅለው ሳድስ ሆኑ። ስለዚህ ጆሮን ዐረብ «ኡዝን» ሲለው ግዕዝ «እዝን» ይለዋል፤ የከንፈሩ ክብነት ያለ ምልክት ጠፍቷል። ከቀ፣ ከኀ፣ ከከና ከገ አጠገብ ሲሆን ግን ተነባቢው ተቀብሎ አኖረው። የዐረብኛው «ኩል» በግዕዝ «ኵል»፣ «ኩልያ»ም «ኵሊት» የሆኑት በዚህ ምክንያት ነው። ዲቃላ ሁሉ በዚሁ መንገድ ተገኘ ማለት አይደለም። እንዲህ ያሉ ድምፆች በአገው ቋንቋዎችም ስለሚሰሙ ከኩሽ የመጡ ናቸው የሚሉ ሊቃውንት አሉ፤ ጕርብትናው ድምፆቹን ሳያጸናቸው አልቀረም። ሆኖም ኵልና ኵሊት የሴም ቃላት ስለ ሆኑ፣ ክብነታቸው ከገዛ አናባቢያቸው የወጣ ነውና ብድር መፈለግ አያሻም።

በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን፣ በንጉሥ ዒዛና ጊዜ፣ አናባቢን በፊደል ማመልከት ተጀመረ። በዚህ ሥርዐት ዲቃሎች አምስት አምስት ቅርጽ ብቻ አላቸው፦ ቈ፣ ቊ፣ ቋ፣ ቌ፣ ቍ። ካዕብና ሳብዕ የላቸውም፤ ከንፈር በተነባቢው ከሞጠሞጠ በኋላ በአናባቢው እንደ ገና ቢሞጠሙጥ ልዩነቱን ጆሮ አይለየውምና።

አማርኛ ጕዞውን ወደ ኋላ መለሰው። የግዕዙ ኵሉ «ሁሉ»፣ ኵሊትም «ኩላሊት» ሲሆኑ ክብነቱ ወደ አናባቢው ዞረ። በዛሬው አነጋገር «ቈረጠ» እና «ቆመ» በመጀመሪያ ድምፃቸው አይለያዩም። ራብዕ ሲከተል ግን ክብነቱ በተነባቢው ላይ እንደ ገና ይገለጣል፦ ጐተተ፣ ተጓተተ፤ ቈረጠ፣ ተቋረጠ። ከአራቱ ዲቃሎች ውጭም እንኳ ከሞተ «ሟች»፣ ከሮጠ «ሯጭ» ይወጣል።

ፊደል ይቀነስ የሚሉ ሰዎች ቈን በቆ፣ ጐን በጎ መተካት ይበቃል ይላሉ። ለንባብ ያህል ልክ ናቸው። ለቋንቋ ታሪክ ግን ጕዳቱ ቀላል አይደለም፤ የቆመ ሥር ቀ፣ ወ፣ መ ሲሆን የቈረጠ ሥር ቈ፣ ረ፣ ጠ ነው። ሁለቱም በቆ ከተጻፉ ተማሪው በ«ቆረጠ» ውስጥ ያልነበረ ወ ሲፈልግ ይኖራል። በ1948 ዓ.ም. የታተመው የአለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ መዝገበ ቃላት ዲቃሎቹን ለይቶ ስለሚጽፍ፣ ሥሩን የሚሻ አንባቢ እስከ ዛሬ ያገኘዋል።