የማገዶ ታሪክና የቤት ቁጠባ



በአማርኛ አነጋገር አንድ ሰው ትዳር ያዘ፥ ጎጆ ወጣ ለማለት «ሦስት ጉልቻ መሠረተ» ይባላል። አባቶቻችን ቤተ ሰብን በግድግዳው ወይም በጣራው ሳይሆን እሳት በሚነድባቸው በሦስቱ ድንጋዮች መሰየማቸው ያለ ምክንያት አይደለም። እሳት ያልነደደበት ቤት ቤት አይባልምና። ይሁን እንጂ እሳት ማገዶ ይፈልጋል፤ ማገዶ ከዛፍ ይገኛል፤ ዛፍም የሚበቅለው በአገር መሬት ላይ ነው። ስለዚህ የአንድ ቤተ ሰብ ወጪና የአገር መሬት ደኅንነት በአንድ ጉልቻ ላይ የሚገናኙ መሆናቸውን ታሪካችን ይመሰክራል።

በመካከለኛው ዘመን ነገሥታቶቻችን በአንድ ከተማ የረጉ አልነበሩም። በ1512 ዓ.ም. ከፖርቱጋል መልእክተኞች ጋር ወደ ኢትዮጵያ የመጣው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ የዐፄ ልብነ ድንግልን ቤተ መንግሥት ያገኘው በድንኳን ከተማ ውስጥ ነበር። ለዚህ ዝውውር የአስተዳደርና የጦርነት ምክንያት መኖሩ እርግጥ ነው። ነገር ግን የታሪክ ሊቃውንት ሌላም ምክንያት ይጨምራሉ፤ ይኸውም ብዙ ሺህ ሕዝብ በሰፈረበት ስፍራ እህሉና ማገዶው ፈጥኖ ማለቁ ነው።

በ1879 ዓ.ም. የተቆረቆረችው አዲስ አበባም ከዚህ ዕጣ ያመለጠችው ለጥቂት ነው። የከተማው ሕዝብ በበዛ ቁጥር በዙሪያዋ የነበረው ዛፍ እየተመናመነ ስለ ሄደ፥ ዐፄ ምኒልክ በ1890ዎቹ መጀመሪያ ወደ አዲስ ዓለም ለመዛወር አስበው በዚያ ቤተ መንግሥት ማሠራት ጀምረው ነበር። ከተማዪቱን ያረጋት ትውልዱ ከአውስትራልያ የሆነው፥ ሕዝቡም «ባሕር ዛፍ» ብሎ የሰየመው ተክል ነው። ይህ ዛፍ በ1887 ዓ.ም. ገደማ ወደ አገራችን እንደ ገባ ይነገራል። ፈጥኖ የሚያድግና ከተቆረጠም በኋላ ከጉቶው የሚያቆጠቁጥ በመሆኑ በጥቂት ዓመታት ውስጥ የአዲስ አበባን ኮረብታዎች ሸፈነ። በአዲስ ዓለም የተጀመረው ቤተ መንግሥትም ኋላ ለቤተ ክርስቲያን ሆነ።

ባሕር ዛፍ ትልቅ ውለታ ውሏል። ሆኖም ብዙ ውኃ የሚጠጣና በአጠገቡ ያለውን አዝመራ የሚያቀጭጭ በመሆኑ በየስፍራው ሊተከል የሚገባው አይደለም። ከዚህም በላይ ችግኙ የማገዶውን መጠን ጨመረ እንጂ አነዳደዳችንን አላሻሻለም።

በከተማ የሆነው ይህ ሲሆን፥ በገጠር የሆነውን ለመረዳት ወደ ወሎ እንሻገር። ከደሴ ተነሥቶ ሐይቅንና ውጫሌን አልፎ ወደ ወልድያ የሚጓዝ ሰው መርሳ ከመድረሱ በፊት በሐብሩ ምድር ውርጌሳን ያገኛል። አገሩ የማሽላ አገር ነው። የማሽላ ገበሬ ቤት ደግሞ የቁጠባ ትምህርት ቤት ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። እህሉ ለሰው፥ ቅጠሉ ለከብት፥ አገዳው ለአጥር፥ ለጎጆና ለእሳት ይውላልና የሚጣል ነገር የለም። ሆኖም እንጨቱ ሲጠፋና አገዳውን ከብት ሲፈልገው፥ ወደ ጉልቻው የሚመጣው ኩበት ነው። በዚህ ጊዜ ለእርሻው ፍግ ሊሆን የሚገባው ነገር ጢስ ሆኖ ይቀራል፤ ቤተ ሰቡም የዛሬውን እንጀራ ለመጋገር ከነገው ምርት ላይ ይቀንሳል።

ወሎን በ1965 እና በ1966 ዓ.ም.፥ ዳግመኛም በ1977 ዓ.ም. የመታው ረኃብ ምክንያቱ አንድ ብቻ አልነበረም። የዝናብ መጥፋትም፥ የአስተዳደር ጉድለትም፥ ጦርነትም ድርሻ ነበራቸው። የተራቆተ ተዳፋት ግን የዘነበውን ጥቂት ዝናብ እንኳ ይዞ እንደማያስቀር ሁሉም ተረዳው። ስለዚህ በእነዚያ ዓመታት የወሎ ሕዝብ የእህል ርዳታ እየተከፈለው ብዙ እርከን ሠራ፤ ብዙ ችግኝም ተከለ። ዳሩ ግን በ1983 ዓ.ም. መንግሥት በተለወጠበት ሰሞን ከተተከለው ብዙው ተቆረጠ። ሕዝቡ ዛፉን የራሴ ነው አላለውም፤ የየቤቱም ማገዶ ፍላጎት እንዳለ ነበር። እንግዲህ በተራራ ላይ መትከል ብቻውን እንደማይበቃ፥ በማድ ቤት ውስጥም መቆጠብ እንደሚያስፈልግ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አይገኝም።

«ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም» የሚለውን ተረት ሁላችንም እናውቃለን። ለወጡ ጣዕም እውነት ነው፤ ለማገዶው ግን አይሠራም። በሦስት ድንጋይ መካከል የሚነድ እሳት ትኩሳቱን በአብዛኛው ለነፋስ ይሰጣል፤ ጢሱም የእናቶችንና የሕፃናትን ዓይንና ሳንባ ይጎዳል። ይህን የተመለከቱ የአገራችን ባለሙያዎች በ1980ዎቹ ሁለት ምድጃዎችን አስፋፉ። አንዱ «ምርጥ» የተባለው ነው፤ ከሲሚንቶና ከአሸዋ ተሠርቶ ምጣዱን ዙሪያውን ይከልላል፥ ከኋላ በሚወጣው ትኩሳትም ድስት ያሞቃል። ከሦስት ጉልቻ ጋር ሲነጻጸር የእንጀራ መጋገሪያውን እንጨት እስከ ግማሽ ይቀንሳል። ሁለተኛው «ላቀች» የተባለው፥ ውስጡ ሸክላ ውጭው ቆርቆሮ የሆነ የከሰል ምድጃ ሲሆን፥ ከቀድሞው የብረት ምድጃ ከሰልን አንድ አራተኛ ያህል ያተርፋል።

በወር ደመወዝ ለሚተዳደር የመንግሥት ሠራተኛ የዚህ ሒሳብ ግልጽ ነው። በልማዳዊው አከሳሰል አንድ ኪሎ ከሰል ለማግኘት ከአምስት ኪሎ የሚበልጥ እንጨት ይቃጠላል። አራት ማዳበሪያ ከሰል ይፈጅ የነበረ ቤት በላቀች ሦስት ይበቃዋል፤ የአራተኛው ዋጋ ለልጆች ደብተርና ጫማ ይውላል፥ እንጨቱም በስፍራው ቆሞ ይቀራል። በኤሌክትሪክ ምጣድ የሚጋግር ቤትም ቢሆን፥ ምጣዱ ከ3 እስከ 4 ኪሎዋት የሚወስድ ስለ ሆነ፥ የሳምንቱን እንጀራ በአንድ ቀን መጋገር ምጣዱ በየጊዜው እስኪግል የሚባክነውን ኃይል ያስቀራል። ባቄላውንና ሽምብራውን ማታ መዘፍዘፍ፥ ድስቱን መክደን፥ እንጨቱን አድርቆ ማንደድ ወጪ የሌለባቸው ናቸው። ልጆችም ይህን እያዩ ካደጉ ምክር አያስፈልጋቸውም።

በመጨረሻም፥ ከውርጌሳ፥ ከመርሳ ወይም ከሌላ ገጠር ወጥቶ በከተማ በሥራ ላይ የሚገኝ ሰው ለበዓል እናት አባቱን ሊጠይቅ ሲሄድ፥ ከልብሱና ከስኳሩ ጋር አንድ ምርጥ ምድጃ በዚያው አሠርቶ ቢሰጥ፥ የእናቱን ዓይን ከጢስ፥ የአባቱን ኩበትም ከእሳት አድኖ ለማሳው ይመልሳል። የነገሥታትን ከተማ ያዘዋወረውን ችግር ለማቃለል እያንዳንዱ ቤተ ሰብ ከየጉልቻው መጀመር ይችላል።