ደራሲ የገደለውን አንባቢ ሲያስነሣ

እስቲ ዛሬ ከወደ ለንደን አንድ ታሪክ ላውጋችሁ። ዘመኑ የንግሥት ቪክቶሪያ ነው፤ የምጠራቸው ዓመታትም ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው። በዚህ ታሪክ ሰው ይሞታል፣ የሞተውም ይነሣል፤ ገዳዩም አስነሺውም በሽተኛ ያጣ አንድ የዓይን ሐኪም ነው። የሐኪሙን ነገር ከማንሣቴ በፊት ግን ነጋዴውን ላስተዋውቃችሁ፤ ያለ እሱ ወሬው አይጥምም።

ነጋዴው ጆርጅ ኒውንስ ይባላል፤ የሰባኪ ልጅ ነው። ማንችስተር ተቀምጦ የሱቅ ዕቃ ሲያሻሽጥ አንድ ሐሳብ እንቅልፍ ነሣው፦ ከየመጽሐፉና ከየጋዜጣው ጥሩ ጥሩውን ወሬ ለቃቅሞ በሳምንት አንድ ጊዜ በርካሽ መሸጥ። ገንዘብ አበድሩኝ ቢል የሚሰማው ጠፋ። ታዲያ ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? ሥጋ የማይቀርብበት ምግብ ቤት ከፈተ! ከዚያ ባገኘው ገንዘብ በ1881 «ቲት ቢትስ» የተባለች ሳምንታዊ አቋቋመ። ሰውየው ብልጥ ነው። ጋዜጣዬን ይዞ በባቡር አደጋ ለሞተ ሰው ቤተሰብ 100 ፓውንድ እከፍላለሁ አለ። ደግሞ 500 የወርቅ ሳንቲም አስቀብሮ ፍንጩን በልብ ወለድ ውስጥ ሸሸገው፤ ወርቁን የሚሻ ሁሉ ልብ ወለዱን ማንበብ ግዴታው ሆነ።

ለመሆኑ ይህን ሁሉ የሚያነብ ማን ነበር? በ1861 የወረቀት ቀረጥ ተነሥቶ ኅትመት ረክሷል። በ1870 የወጣው የትምህርት ሕግ የደሃውን ልጅ ፊደል አስቆጥሮታል። ያ ልጅ አድጎ የቢሮ ጸሐፊ ሆኗል፤ ከከተማው ዳር ተነሥቶ ጠዋትና ማታ በባቡር ይመላለሳል፤ በየጣቢያውም የዊሊያም ሄንሪ ስሚዝ የመጽሐፍ መሸጫ ይጠብቀዋል። የዘመኑ ረጅም ልብ ወለድ ግን በሦስት ቅጽ ተጠርዞ 31 ሽልንግ ከ6 ፔንስ ነው፤ ከአከራይ ቤተ መጻሕፍት ካልተዋሱት በቀር የሚቀመስ አይደለም። ኒውንስ ይህን አየና በጥር 1891 «ስትራንድ» የተባለውን ወርኃዊ መጽሔት አወጣ። ዋጋው 6 ፔንስ፣ ሥዕል የሌለው ገጽ በስንት ፍለጋ! በአንዱ ልብ ወለድ ዋጋ 63 ስትራንድ ይገዛ ነበር ማለት ነው። የመጀመሪያው እትም 300,000 ያህል ቅጂ ተሸጠ።

አሁን ወደ ሐኪሙ እንመለስ። አርተር ኮናን ዶይል ይባላል፤ የኤደንብራ ልጅ ነው። በዚያው 1891 ለንደን መጥቶ አፐር ዊምፖል በሚባለው መንገድ ላይ የዓይን ሕክምና ክፍል ተከራየ። ጠዋት ይገባል፣ ወንበሩ ላይ ይቀመጣል፤ የሚመጣ የለም። አንድም በሽተኛ ደጄን አልረገጠም ብሎ በኋላ ራሱ ጽፏል። እንግዲህ ሥራ የፈታ ሰው ብዕር ያነሣል። ቀድሞም ሞክሮታል፤ ሼርሎክ ሆምስ የሚባል መርማሪ ፈጥሮ የመጀመሪያውን ታሪክ ከነሙሉ መብቱ በ25 ፓውንድ ሸጦታል። በ1887 ታተመ፤ ያን ያህልም ያወራለት አልነበረም።

በዚያች ባዶ ክፍል ውስጥ ግን አንድ ነገር ታየው። መጽሔቶች ረጅም ልብ ወለድ በየወሩ እየቆራረጡ ያወጣሉ፤ አንባቢው አንዱን እትም ካጣ ክሩ ይበጠስበታል፣ ከዚያ ወዲያ መግዛቱንም ይተወዋል። በየወሩ የማይገናኝ አጭር ታሪክ ቢያወጡ ደግሞ አንባቢው የሚጠብቀው ሰው የለም። ዶይል ሁለቱን አጋባቸው፤ ሰውየው ያው ሰውዬ፣ ታሪኩ ግን በየወሩ ተጀምሮ በየወሩ የሚያልቅ። ከቢሮ እስከ ቤት ባለው የባቡር መንገድ ላይ ሬሳው ተገኝቶ፣ ገዳዩ ተይዞ፣ ሻዩ ተጠጥቶ ያበቃል! ለእኔ ከሆምስ ብልሃት ሁሉ ይልቅ የሚደንቀኝ ይህ የደራሲው ብልሃት ነው። ዛሬ በቴሌቪዥን በየሳምንቱ አንድ ወንጀል እየፈታ የሚሄደው መርማሪ ሁሉ የዚህች ሐሳብ ልጅ ነው።

የስትራንዱ አዘጋጅ ግሪንሆው ስሚዝ ጽሑፎቹን ሲያነብ ምን እጁ እንደገባ ወዲያው ገባው። የመጀመሪያው በሐምሌ 1891 ወጣ። ሥዕሉን ሲድኒ ፓጄት ሠራው፤ የሆምስን መልክ ከገዛ ወንድሙ ከዋልተር ወሰደ ይባላል። ዛሬ የሆምስ መታወቂያ የሆነችውን ባለ ሁለት አፍ የአዳኝ ቆብ ያጠለቀለትም እሱ ነው፤ ደራሲው የጻፈው ከራስ ጋር የሚጣበቅ የጨርቅ ቆብ ብሎ ብቻ ነበር።

በዚያው ዓመት ግንቦት ላይ ዶይል በኢንፍሉዌንዛ ታሞ ለሞት ተቃርቦ ነበር። ሲሻለው ሕክምናውን እርግፍ አድርጎ በብዕሩ ብቻ ሊኖር ቆረጠ፤ ከደስታው ብዛት መሐረቡን ወደ ጣሪያ ወረወረው። ለመጀመሪያዎቹ ታሪኮች በአማካይ 35 ፓውንድ ተከፈለው። መጽሔቱ ጨምርልን አለ። ዶይል ግን ልቡ ያለው በትልልቆቹ የታሪክ ልብ ወለዶቹ ላይ ነው፤ ይተዉኝ ብሎ 50 ፓውንድ ጠራ። እሺ አሉት። እንደገና ጨምር ሲሉት፣ አሁንስ ደንግጠው ይሸሻሉ ብሎ ለ12 ታሪክ 1,000 ፓውንድ አለ። አሁንም እሺ! ሰውየው በገዛ ዋጋው ታሰረ።

ገና በኅዳር 1891 ለእናቱ ሲጽፍ ሆምስን ልገድለው አስቤአለሁ ብሎ ነበር። እናቱ ወይዘሮ ሜሪ አይሆንም ብለው ተቆጡ፤ እንዲያውም ስለ ልጃገረድ ጠጉር አንድ የታሪክ ሐሳብ ሰጡትና ሆምስ በእሳቸው አማላጅነት ሁለት ዓመት ሰነበተ። በነሐሴ 1893 ዶይል ስዊዘርላንድ ሄዶ የራይሸንባህን ፏፏቴ አየ፤ መቃብሩን አገኘለት። በታኅሣሥ ወር እትም ሆምስና ጠላቱ ፕሮፌሰር ሞሪያርቲ ተናንቀው ገደል ገቡ። የሆምስ ወዳጅ ዋትሰን ደርሶ ያየው ወደ ገደሉ አፍ የሄደ ኮቴና አንዲት ደብዳቤ ብቻ ነው። አስከሬን አልተገኘም። ይህን ልብ በሉልኝ።

ከዚያማ ምኑ ይወራል! ደብዳቤ ጎረፈ፤ አንዲት ወይዘሮ ደራሲውን አውሬ ብላ ነው ደብዳቤዋን የጀመረችው። የለንደን ጎረምሶች ክንዳቸው ላይ ጥቁር ጨርቅ አሰሩ የሚባለውን ግን እኔ አልገዛም፤ በኋላ ዘመን የተጨመረ ማጣፈጫ ነው።

መጽሔቱ ክፍተቱን ሊሞላ ሮጠ። በ1894 የአርተር ሞሪሰንን ማርቲን ሂዊት አመጣ፤ ሥዕሉን ያው ፓጄት ሠራው፤ ሂዊት ግን የዋህ ጎረቤት ይመስላል። ኤል. ቲ. ሚድ የተባለች ትጉ ሴት ደራሲም የሐኪም ታሪኮችን ጻፈች፣ ኋላም በ1898 የምሥጢር ማኅበር የምትመራ ጨካኝ ሴት ፈጠረች። የዶይል የእኅቱ ባል ሆርኑንግ ደግሞ በሌላ መጽሔት ነገሩን ገልብጦ ራፍልስ የሚባል ጨዋ ሌባ አስነሣ። ዶይልም ራሱ ብርጋዴር ዤራር የተባለ የናፖሊዮን ፎካሪ መኮንን በስትራንድ ላይ ለቀቀ። እኔን ከጠየቃችሁኝ ዤራር ከሆምስ ይልቅ ያስቃል፤ ግን ሰው የሞተውን ነው የፈለገው።

ንግሥቲቱ በጥር 1901 አረፉ። በዚያው ዓመት ነሐሴ ሆምስ የባስከርቪል ቤተሰብን ውሻ ሊያሳድድ በስትራንድ ላይ ብቅ አለ። ዶይል ታሪኩ ከሞቱ በፊት የሆነ ነው ብሎ አመካኘ። አንባቢ ይህን ሰበብ መች ሰማ! በመጨረሻ ኮሊየርስ የተባለው የአሜሪካ መጽሔት ለ13 ታሪክ 45,000 ዶላር አቀረበ፤ በጥቅምት 1903 የእንግሊዝ አንባቢ ስትራንዱን ሲገልጥ ሆምስ ከነነፍሱ ዋትሰን ፊት ቆሟል። ገደል የገባው ሞሪያርቲ ብቻ ነበር ተባለ። አስከሬን አልተገኘም ብያችሁ አልነበር?

ዶይል እስከ 1927 ድረስ 56 አጫጭር የሆምስ ታሪኮችን ጻፈ፤ ሁሉም በስትራንድ ላይ ወጥተዋል። ስትራንድም በ1950 ተዘጋ። በዚያው በ1927 ደራሲው ከራሱ ታሪኮች የወደዳቸውን 12 ሲመርጥ ያቺን የገደል ታሪክ አራተኛ፣ በየካቲት 1892 የወጣችውን ስለ ነጠብጣቡ መቀነት የምትናገረውን አንደኛ አደረገ።  ሆምስን አንብባችሁ የማታውቁ ከእሷ ጀምሩ፤ መጨረሻዋን አልነግራችሁም።