ብስክሌትና ካሜራ በሞያሌ ድንበር



ሞያሌ ላይ ከኢትዮጵያው ሠፈር ወደ ኬንያው ሠፈር በብስክሌት የሚሻገር ሰው ኬላው ዘንድ ሁለት ነገር ይለወጥበታል። አንደኛው የመንገዱ ወገን ነው። ኢትዮጵያ ከ1964 ጀምሮ በቀኝ ስትነዳ፣ ኬንያ እንግሊዞች እንዳስለመዷት በግራ ትነዳለች። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) ሁለተኛው የዕቃዎቹ ስም ነው። በአማርኛ ጎማ፣ ፍሬን፣ ካቴና እንላለን፤ ቃላቱ ከጣልያንኛ የመጡ ናቸው። ጥቂት እርምጃ ተሻግሮ በስዋሂሊ ታይሪ፣ ብሬኪ፣ ቼኒ ይባላሉ፤ እነዚህ ደግሞ ከእንግሊዝኛ የተወሰዱ ናቸው። ብስክሌቱ አንድ ሆኖ ሳለ ስሙ ግን በዚህ አካባቢ ማን በየት በኩል እንደመጣ ይናገራል።

ብስክሌት መንዳትና ከቤት ውጭ ፎቶግራፍ ማንሣት ብዙ ወላጆች፣ እውነቱን ለመናገር ብዙ መምህራንም፣ እንደ ጊዜ ማባከኛ የሚቆጥሯቸው የቅዳሜና የእሑድ መዝናኛዎች ናቸው። የእኔ አስተያየት ከዚህ የተለየ ነው። የአካባቢው ታሪክ አብዛኛውን ጊዜ ከሩቅ በመጡ ሰዎች በተጻፈበት የድንበር ከተማ እነዚህ ሁለት ዕቃዎች በተማሪ እጅ ሲገቡ የታሪክ መሣሪያዎች ሊሆኑ ይችላሉ። ይህንንም ለማስረዳት በመጀመሪያ ከየት እንደመጡ እንመልከት።

ሁለቱ እኩያሞች ናቸው ማለት ይቻላል። ሁለት እኩል ጎማ ያለውን፣ ዛሬ የምናውቀውን ዓይነት ብስክሌት እንግሊዛዊው ጆን ኬምፕ ስታርሊ በ1885 ሠራ። በ1888 ጆን ቦይድ ደንሎፕ በቤልፋስት ከተማ በአየር የሚነፋ ጎማ አወጣ። በዚያው ዓመት አሜሪካዊው ጆርጅ ኢስትማን ኮዳክ የተባለውን ካሜራ ለገበያ አቀረበ። ዋጋው 25 ዶላር ሲሆን በውስጡ ለ100 ሥዕል የሚበቃ ፊልም ነበረው። ፊልሙ ሲያልቅ ካሜራው እንዳለ ወደ ፋብሪካው ይላካል፤ ሥዕሎቹ ታጥበውና ታትመው፣ ካሜራውም አዲስ ፊልም ጎርሶ ይመለሳል። ከዚያ በፊት ፎቶግራፍ አንሺ ማለት ሣጥን፣ መስተዋትና መድኃኒት አስጭኖ የሚዞር ባለሙያ ነበር። የቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ዕረፍት ያገኘው የእንግሊዝ አገር ጸሐፊና ሠራተኛ ካሜራውን ብስክሌቱ ላይ አስሮ ወደ ገጠር መውጣት ለመደ። ኮዳክም በ1890ዎቹ ለብስክሌት የሚሆን ካሜራ እያለ ያስተዋውቅ ጀመር።

ወደ እኛ አገር የመጡት ግን ለመዝናኛ አልነበረም። ካሜራ ከጦር ጋር መጣ። በ1868 ወደ መቅደላ የዘመተው የእንግሊዝ ሠራዊት የመሐንዲሶች ጦር ፎቶግራፍ አንሺዎችን አስከትሎ ነበር። ቀጥሎም ካሜራ ቤተ መንግሥት ገባ፤ አርመናዊው ቤድሮስ ቦያጂያን የዳግማዊ ምኒልክ ፎቶግራፍ አንሺ ሆነ፣ ሙያውንም ልጆቹ ወረሱት። የዚያው የመሐንዲሶች ጦር መኮንን የነበረው ካፒቴን ፊሊፕ ሞድ በ1903 የደቡቡን ወሰን እየለካ አለፈ። ከእርሱ ሥራ በኋላ በ1907 ኢትዮጵያና እንግሊዝ ተዋዋሉ፤ ሞያሌ ዛሬ ሁለት አገር የሆነችው ከዚህ የተነሣ ነው። ከብቱን ከጉድጓድ ወደ ጉድጓድ የሚነዳው ቦረና በውሉ ላይ ድምፅ አልነበረውም።

ብስክሌት ደግሞ በኢጣልያኖች በኩል አሥመራ ገባ። ኤርትራውያን ከኢጣልያኖች ጋር እንዳይወዳደሩ ይከለከሉ ነበር፤ በ1939 አብረው እንዲወዳደሩ ሲፈቀድ ግን ያሸነፈው ገብረማርያም ገብሩ ነበር። ኢትዮጵያም በ1956 ሜልቦርን ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ በኦሎምፒክ ስትካፈል ከሯጮቿ ጋር እነ ገረመው ደንቦባን በብስክሌት አሰልፋለች። ይህ አበበ ቢቂላ ሮም ላይ ከመሮጡ 4 ዓመት በፊት መሆኑ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። የመቅደላው ዘመቻ ፎቶግራፍ አንሺዎች መንገዳቸውን ተከትለው የትግራይን ተራሮችና ሸለቆዎች አንሥተዋል። ያነሡት ለጦሩ ጉዳይ ነው፤ ስለ ዛፍ ያሰበ አልነበረም። ከ140 ዓመት በኋላ ያን ኒሰን፣ ምትኩ ኃይሌ፣ ሪቻርድ ፓንክኸርስትና ባልደረቦቻቸው ሥዕሎቹ የተነሡባቸውን ቦታዎች ፈልገው በዚያው አቅጣጫ ቆመው እንደገና አነሡ። ውጤቱን በ2009 አሳተሙት። በ1868 የታየው መሬት በብዙ ቦታ የተራቆተ ነበር፤ የሕዝቡ ቁጥር እጅግ ጨምሮም እንኳ የአሁኑ ሥዕል የበለጠ ዛፍ ያሳያል። «ከመቶ ዓመት በፊት የአገራችን 40 ከመቶ ደን ነበር» የሚለውን አባባል በየክፍሉ ስንደግም ለኖርነው መምህራን ይህ ቆም ብሎ የሚያሳስብ ነገር ነው። በእርግጥ የትግራይ ኮረብታ ስለ ኢሉባቦር ወይም ስለ ቦረና ሊመሰክር አይችልም። ስለ ቦረና የሚመሰክረው በቦረና የተነሣ ሥዕል ብቻ ነው። ቁጥቋጦው የግጦሹን ሣር እየወረሰው መጣ ብለው ሽማግሌዎች ሲነግሩን፣ የዛሬ 30 ዓመት ልጆቻችን የሚያመሳክሩት ምን ይኖራቸዋል?

ብስክሌቱ የሚያስፈልገውም ከዚህ ላይ ነው። መኪና ከአስፋልቱ አይወጣም፤ በእግር የሄደ ተማሪ ደግሞ ሳይመሽበት ሩቅ አይደርስም። የተራራ ብስክሌት የሚባለው ራሱ የተወለደው በእንዲህ ያለ ፍላጎት ነው። በ1970ዎቹ በካሊፎርንያ፣ በታማልፓይስ ተራራ አካባቢ የነበሩ ወጣቶች ወፍራም ጎማ ያላቸውን አሮጌ ብስክሌቶች እየጠጋገኑ በጥርጊያ መንገድ ቁልቁል ይነዱ ነበር። ከ1976 ጀምሮ የተወዳደሩበት ቁልቁለት የፍሬኑን ግራሶ እያቃጠለ ይጨርስባቸው ስለነበር በየጊዜው እንደገና መሙላት ነበረባቸው፤ የውድድሩም ስም ከዚህ የመጣ ነው። ስፖርቱ በ1996 ኦሎምፒክ ገባ። በእኛም በኩል ከ2003 ጀምሮ ከካይሮ እስከ ኬፕታውን 12,000 ኪሎ ሜትር ያህል የሚጓዙ ብስክሌተኞች ሞያሌ ላይ ድንበር ሲሻገሩ ታይተዋል። አስፋልቱ በ2010ዎቹ ከመሠራቱ በፊት ከሞያሌ ወደ ማርሳቢት የሚወስደው የዲዳ ገልገሉ ድንጋይ ከጉዟቸው ሁሉ ከባድ ከሚሏቸው ክፍሎች አንዱ ነበር። ካሜራ ይዘው አለፉ፤ ያነሡትም አብሯቸው ሄደ።

ዛሬ ካሜራው በስልክ ውስጥ ስላለ ወጪው ብስክሌቱ ነው። አንድ ብስክሌት ለሦስትና ለአራት ተማሪ በተራ ይበቃል። ሥራው ቀላል ነው፤ አንድ ኮረብታ፣ አንድ ጉድጓድ፣ አንድ የገበያ ጥግ መርጦ በየዓመቱ በአንድ ወር፣ ከአንድ ቦታ ቆሞ፣ በአንድ አቅጣጫ ማንሣት። በሐምሌ 1940 ኢጣልያኖች ከእንግሊዞች የያዙት የሞያሌ ምሽግ የት እንደነበረ ሽማግሌ ጠይቆ ቦታውን ማንሣትም አንድ የቅዳሜ ሥራ ነው። ኬላውን፣ ወታደሩንና የጦር ሠፈሩን ማንሣት ግን አይገባም፤ ከድንበር ዘብ ጋር ክርክር ገጥሞ የረታ ተማሪ አላውቅም። ጉድጓድ ላይ ውሃ የሚቀዱ ሰዎችንም ሳያስፈቅዱ ማንሣት ነውር ነው። ባለጉድጓዱ እንቢ ካለ ካሜራውን ኪስ ከትቶ ማውጋት ይሻላል፤ ብዙ ጊዜ ከሥዕሉ ይልቅ ወሬው ይበልጣል።

ከእያንዳንዱ ሥዕል ጋር ቦታው፣ የቆሙበት አቅጣጫ፣ የፈቀደው ሰው ስምና ቀኑ ይጻፍ። ስለ ሰዓቱ የሁለቱ ወገን ተማሪዎች አይጣሉም፤ የአማርኛው ጧት 3 ሰዓት በስዋሂሊም «ሳ ታቱ»፣ ማለትም 3 ሰዓት ነው። የሚለያዩት በዓመቱ ነው። አንዱ 2017 ብሎ የጻፈውን ሌላው 2025 ይለዋልና ሁለቱም ቁጥሮች ጎን ለጎን ይጻፉ።